አፉ በላት

ከሰላሀዲን ጋር የተዋወቅነው ልጣላው ሄጄ ነው። ሌላው ሰው ፍቅረኛውን ሰርግ ላይ ያገኛል፣ ካምፓስ ያገኛል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኛል። እኔ ግን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቼ፣ በዚያ ሙቀት ስድስት ሰዓት ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ተቀቅዬ፣ ሰመራ ድረስ የሄድኩት አንድ አይቼው የማላውቀውን ሰው በጥፊ ለማጮል ነበር።

ሱቁን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ጠባብ ክፍል ነው። ስገባ ሁለት እግሮች ብቻ ከጠረጴዛ ስር ወጥተው አየሁ።

«ሰላሀዲን ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ፣ እህት?» አለ ድምፁ ከስር።

«ስሜን መልስልኝ።»

ቀና ሲል ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

እኔ ሙጂባ እባላለሁ። አባቴ ጣሃ ከወሎ፣ ከባቲ መጥቶ አዋሽ ላይ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አሥር ክፍል ያላት ሆቴል ከፈተ። በሯ ላይ ከባቡሩ የተረፈ አንድ የብረት ጎማ አለ፣ እንደ ወንበር ይቀመጡበታል። ሾፌር ሁሉ «ጎማዋ ጋ እንደር» ይላል። እኔ መደርደሪያው ጋ ቆሜ ቁልፍ እሰጣለሁ፣ መታወቂያ እመዘግባለሁ፣ ሰካራም እመልሳለሁ። ምላሴ ረጅም ነው ይባላል። ሾፌር የሚያስተናግድ ሰው አጭር ምላስ ይዞ የትም አይደርስም።

ታዲያ ከስድስት ወር በፊት አንድ የስልክ ጨዋታ በቴሌግራም መዞር ጀመረ። ስሙ «አልጋ የለም» ነው። በጥቃቅን አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች የተሳለ፣ ጨለማ የበዛበት፣ ታሪክ ያለው ጨዋታ። አንድ የታመመ የተሳቢ ሾፌር ማረፊያ ይፈልጋል፣ ተጫዋቹ ስክሪኑን እየነካ ይመራዋል። ከታች ሦስት ቃላት ተጽፈዋል፦ እይ፣ ውሰድ፣ አናግር። ሾፌሩ በሩ ላይ የባቡር ጎማ ያለበት ሆቴል ይደርሳል። መደርደሪያው ጋ ሻሽ ያሰረች ሴት ቆማለች። ዓይን የላትም። አፍ ብቻ ነው ያላት። ስታናግራት «አልጋ የለም» ትላለች። ደግመህ ብታናግራትም ያንኑ ትላለች። ከዚያ ሾፌሩ መንገድ ላይ ይሞትና፣ ነፍሱ ገደል ውስጥ ባለ ሆቴል ስትንከራተት የቀረውን ጨዋታ ትጨርሳለህ። ማለቴ አትጨርስም። የመጨረሻውን በር ማንም ከፍቶት አያውቅም።

በር ላይ የባቡር ጎማ ያለበት ሆቴል በዚያ መንገድ ላይ አንድ ብቻ ነው። ሾፌሮቹ በሳምንት ውስጥ ስሜን ቀየሩት። «አልጋ የለም፣ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል። ደንበኛ እየቀነሰ መጣ። ሎጊያ ላይ ጋራዥ ያለው ሰው ለልጁ ሊያጨኝ ሽማግሌ ልኮ ነበር፣ እሱም ቀረ። አባቴ አንድም ቀን ምንም አላለኝም፣ ግን ጎማው ላይ መቀመጥ ተወ። ከሁሉ የባሰብኝ ስለ መጨረሻው በር የሚያወሩት ነው። በሩ አጠገብ ገደሉ እንደ አውሬ አፉን ከፍቷል አሉ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ «አፉ በላት» ተብሎ ተጽፏል አሉ። አንዱ ሾፌር መደርደሪያዬ ላይ ተደግፎ እየሳቀ አነበበልኝ። ላውን ጠበቅ አድርጎ፣ ጥርሱን እያሳየ። አውሬው በላት ማለቱ ነው። እኔን።

ጨዋታውን የሠራው ሰላሀዲን የሚባል የሰመራ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው አሉኝ። ስለዚህ ሄድኩ።

ሰላሀዲን ከጠረጴዛው ስር ወጥቶ አናቱን እያሸ አየኝ። ቀጭን ነው፣ ጢሙን ያልተላጨ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እጁን ከአናቱ ላይ አወረደ።

«አንቺ ነሽ?» አለ ቀስ ብሎ። «አልጋ ከልክለሽው መንገድ ላይ የሞተው ሾፌር፣ መሀመድአሚን፣ ወንድሜ ነበር።»

ይህን አላወቅኩም ነበር። ግን ንዴቴን አለቀቅኩም። የሞተ ወንድም ስላለው የሰው ስም ማርከስ ይችላል ወይ ብዬ ጮህኩ። አባቴን ጠቀስኩ፣ ሆቴሉን ጠቀስኩ፣ ጨዋታውን ዛሬውኑ ያጥፋ አልኩ። እሱ አልጮኸም፣ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«አንድ ውሸት አሳዪኝ» አለ። «በጨዋታው ውስጥ አንድ ውሸት ካሳየሽኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«አልጋ አልነበረም!»

ውሸቱን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን ሰባት ቁጥር ባዶ ነበር። ይህን የምናውቀው አላህና እኔ ብቻ ነን።

ጨዋታውን ተጫውቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። ተጫውቼው እንደማላውቅ፣ የሰማሁት ከሾፌር አፍ እንደሆነ ስነግረው ደረቅ ሳቅ ሳቀ። ከዚያ ተዋዋልን። እስከ መጨረሻው በር ድረስ ራሴ እጫወታለሁ፣ ከዚያም በኋላ አጥፋ ካልኩት ያጠፋል።

እህቴ ኑርሀያት ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ስለምትሠራ እሷ ጋ አረፍኩ። ሰመራ ላይ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሰው ሁሉ ከፀሐይ ተደብቆ ይተኛል፣ ሥራም ይቆማል። እኔ በዚያ ሰዓት ዙሁር ሰግጄ፣ አስፋልቱ ጫማዬን እየያዘኝ፣ ወደ ሱቁ እሄዳለሁ። በሩን ለጨዋነት ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ሙቀቱ ይገባል። እኔ ላፕቶፑ ላይ እጫወታለሁ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሰው ፕሪንተር ይፈታል። ውሃ እንኳ አልጋበዘኝም፣ አልጠበቅኩምም።

ሰኞ ዕለት ውሸት ያገኘሁ መሰለኝ።

«የቁልፍ ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ምስማር ስለሃል። የኛ አሥር ነው!»

መጥቶ ቆጠረ። ሁለቱን ምስማሮች ነጠብጣብ በነጠብጣብ አጠፋ። «ይሄ ስህተት ነው እንጂ ውሸት አይደለም» አለና ወደ ፕሪንተሩ ተመለሰ።

ማክሰኞ ሻሹ አረንጓዴ እንጂ ቀይ አልነበረም ብዬ ተጣላሁት። አረንጓዴ አደረገው። ይህች ሴት ለምን ዓይን የላትም ብዬ ተጣላሁት። አይቻት አላውቅም አለ። ከቀብሩ በኋላ አዋሽ ድረስ ሄዶ ጎማው ጋ ቆሞ ነበር፣ ሆቴሉን ከውጭ ፎቶ አንስቶ ሳይገባ ተመለሰ። ብገባ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር አለኝ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ጥላቻው ይሰማኝ ነበር። የኔም ከሱ አያንስም።

ረቡዕ ግን አንድ ነገር ደረሰብኝ። ሾፌሩን ይዤ መደርደሪያው ጋ ደረስኩ። ሴትየዋን አናገርኳት። «አልጋ የለም።» ደግሜ አናገርኳት። «አልጋ የለም።» ከዚያ ወሬዬን ትቼ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ማሰሮውን ነካሁ፣ ቧንቧውን ነካሁ፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ነካሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«ምንም» አልኩ።

ውሃ ነበር የምፈልገው። ያን ቀን መሀመድአሚን ጎማው ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን ጉልበቱ ላይ ጥሎ በመስኮት አይቼው ነበር። ውሃ እንኳ አላወጣሁለትም። አልጋ መከልከሉስ ይሁን፣ ፍርሃት ነው እላለሁ። ውሃው ግን ምን ነበር?

ሐሙስ ስመጣ መደርደሪያው ላይ አንድ ብርጭቆ ተስሏል። ትንሽ ነው፣ ስምንት ወይ ዘጠኝ ነጠብጣብ ቢሆን ነው። ነካሁት። ውሰድ የሚለውን ተጫንኩ። ለሾፌሩ ሰጠሁት። ሾፌሩ ጎማው ላይ ተቀምጦ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ተነሳና ወደ መኪናው ሄደ። ሞቱ አልተለወጠም። ግን ጠጥቶ ሄደ።

አለቀስኩ። ሰላሀዲን ዞር ሳይል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀዝቃዛ ሃይላንድ ውሃ አስቀመጠልኝ፣ ማራገቢያውንም ወደ እኔ አዞረው።

መቼ እንደወደድኩት አላውቅም ብዬ አልዋሻችሁም። ሐሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት አካባቢ።

አርብ ከጁምዓ መልስ የመጨረሻው በር ደረስኩ። ገደሉ እንዳወሩት ነው፣ ድንጋዩ ጥርስ ጥርስ ይመስላል። በሩ አጠገብ በነጭ ተጽፏል፦ አፉ በላት። በሩን ነካሁት፣ አልተከፈተም። ያለኝን ዕቃ ሁሉ ሞከርኩ። ጽሑፉን እንደገና አነበብኩት፣ ያው ሾፌሩ እንዳነበበልኝ፣ ጠበቅ አድርጌ። ያለፈው ሳምንት ንዴት በአንዴ አናቴ ላይ ወጣ። ውሃ ሰጥቶኝ፣ ማራገቢያ አዙሮልኝ፣ መጨረሻ ላይ ለአውሬ ያበላኛል?

«ይሄ ነው ያንተ ፍርድ?» አልኩት። «አፉ በላት? እንደዚህ ነው እንድሞት የምትፈልገው?»

ፊቱ ሲገረጣ አየሁ።

«አንቺም እንደነሱ ነው ያነበብሽው?»

«እንዴት ላንብበው ታዲያ? ተጽፏልኮ! አንብብልኝ እስቲ አንተ!»

አፉን ከፈተ። ግን አላነበበልኝም። ላፕቶፑን ዘጋው።

«ሂጂ። አጠፋዋለሁ። ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ፣ ሂጂ።»

ባሸንፍ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። እና ንዴት ደግሞ የተደበቀን ነገር ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው፣ በሩ ላይ ቆሜ ዘከዘክሁት። ሰባት ቁጥር ባዶ ነበር አልኩት። ወንድምህ ሲገባ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር፣ ይንገዳገድ ነበር። ከሱ በፊት ባለው ሳምንት እንደዚያ ዓይኑ የቀላ አንድ ሰው፣ በምርቃና ይሁን በመጠጥ እንጃ፣ ቁልፍ ስሰጠው አንገቴን አንቆኝ ነበር፣ አባቴ ነው ያስጣለኝ። ስለዚህ ወንድምህን ሳየው ያን ሰው አየሁ። ወባ እንደያዘው አላወቅኩም። አልጋ የለም አልኩት። ቁልፉ ከኋላዬ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ውሃ እንኳ አልሰጠሁትም» አልኩ መጨረሻ ላይ።

ሰላሀዲን ግድግዳውን ተደግፎ ሰማኝ።

«ሂጂ፣ ሙጂባ» አለ። ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

ቅዳሜ ጧት ኑርሀያት ሎጊያ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መስኮት ጥግ ተቀምጬ የቆሙትን ተሳቢዎች እያየሁ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ ከአፌ ያወጣሁት ሁለት ቃል አንድ ሰው ገደለ፣ አሁን ደግሞ ያወጣሁት እውነት ሌላውን አሳጣኝ። እንደዚህ እያሰብኩ ሳለ አንዲት ዕቃ የያዙ እናት ሲገቡ እግሬን ረገጡት።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ፣ አላየሁሽም» አሉኝ።

«አፉ ብያለሁ፣ እማማ» አልኩ ሳላስብ።

በቀን አሥር ጊዜ የምንለው ነው። የወሎ ሰው ሲያስነጥስም፣ ሲያልፍም፣ ሲሞትም አፉ በሉኝ ይላል። ይቅር በሉኝ ማለት ነው። እናቴ ከመሞቷ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ አስጠርታ ያለችው ይህንኑ ነው። እኔም አዋሽ ላይ ከመደርደሪያዬ ኋላ አፉ በሉኝ፣ አፉ ብያለሁ ስል ነው ያደግኩት።

አፉ በይኝ። አፉ በለው። አፉ በላት።

ላውን ላላ አድርጌ በአፌ ውስጥ ደገምኩት። አፉ በላት። አውሬ የለም፣ ጥርስ የለም፣ የተበላ ሰው የለም። አንድ ሰው ለሌላው ሰው ስለ አንዲት ሴት እየነገረው ነው። ይቅር በላት እያለው።

የሰማሁት ከማይገባው ሾፌር ስለነበር፣ የገዛ ቋንቋዬ ጠፋኝ።

ከሚኒባሱ ወረድኩ። ረዳቱ ብር አልመልስም ብሎ ጮኸ፣ ዞር ብዬም አላየሁት። ባጃጅ ይዤ ሰመራ ተመለስኩ። ሱቁ ክፍት ነው፣ እሱ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል፣ ጨዋታውን ገና አላጠፋውም።

«ማነው ያለህ?» አልኩት ገና ከደጅ። «አፉ በላት ያለህ ማነው?»

በላላው ላ ነው ያልኩት። እንደሰማ ዓይኑ ሞላ። መሳቢያውን ከፍቶ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አወጣና መልእክቱን አሳየኝ። ከመሀመድአሚን የተላከ ነው። መኪናው ገዋኔ ሳይደርስ ተገልብጦ፣ ሰዎች መንገድ ዳር ካለ ጤና ጣቢያ ካደረሱት በኋላ የጻፈው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጻፈም። ሁለት ቃል ብቻ፦ አፉ በላት።

«ከአዋሽ ደውሎልኝ ነበር» አለ ሰላሀዲን። «አሞኛል፣ የሆቴሏ ልጅ አልጋ የለም አለችኝ አለኝ። ሌላ ሆቴል ፈልግ አላልኩትም። ፈተና ላይ ነበርኩ፣ ተጣድፌ ነበር። ንዳና ወደ እኔ ና አልኩት። ንዳ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ አንዲት ቃል ደብቄ ስኖር፣ እሱ ደግሞ አንዲት ቃል ደብቆ ይኖር ነበር። ለእናቱ እንኳ መልእክቱን አላሳያቸውም።

«አፉ በለኝ» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ብዬው አላውቅም።

አንገቱን ነቀነቀ። «አልችልም። አንቺን አፉ ካልኩ ማን ይቀራል? የምቀረው እኔ ነኝ። የመጨረሻውን በር ለዚህ ነው ያልከፈትኩት። ከጀርባው ምን እንዳለ እኔም አላውቅም።»

ያን ጊዜ መናደድ ነበረብኝ። አልተናደድኩም። ወድጄው ስለነበር ብቻ አይደለም፣ እውነቱን ስለነገረኝ ነው።

«እንግዲያው ጨዋታውን አታጥፋው» አልኩ። «አንድ ነገር ግን ጨምርበት። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሰባተኛው ምስማር ላይ ቁልፍ ስቀልበት። ሴትየዋ አልጋ የለም ስትል ተጫዋቹ ቁልፉን ይየው።»

«እንዲህ ካደረግኩ አዋሽ ላይ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?»

«አሁንስ ምን ይሉኛል? ቢያንስ እውነቱን ይበሉኝ።»

ስሜን ልቀበል ሄጄ ሰጥቼው ተመለስኩ። አባቴ ቤት እንደገባሁ የሰባት ቁጥርን ነገር ነገርኩት። መደርደሪያው ላይ ተደግፎ ሰማኝ። ዓይኑ የቀላ ሰው አታስገቢ ብሎ የነገረኝ እሱ እንደሆነ አስታወሰኝና ጥፋቱ ሁለት ቦታ ይከፈል አለ። ከዚያ ወጥቶ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ጨዋታው ታደሰ፣ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ተሰቀለ። ሾፌሮቹ አዩት። ጥቂቶቹ ሰደቡኝ፣ አንዱ መሬት ላይ ተፍቶ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ግን ጠጋ ብለው፣ ልጄ፣ ይህን ራስሽ ነሽ ያስሠራሽው አሉ፣ እውነት ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ሻይ አዘዙ።

ሰላሀዲን አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። በየሳምንቱ ጨዋታውን ከፍቼ ውሃውን ለሾፌሩ እሰጥ ነበር፣ ይኸው ነው። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ከፍቼው ሴትየዋን አየኋት። ዓይን ተስሎላታል። ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ናቸው፣ ግን የኔ ዓይኖች ናቸው፣ ግራው ትንሽ ዝቅ ያለ። እንዴት እንዳስተዋለው እንጃ። ያ ሁሉ ቀን ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የሚቀመጠው። መደርደሪያው ስር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አባቴ ጥርሷን አሟት ይሆናል ብሎ ክኒን ገዝቶ መጣ።

ከዚያ በኅዳር፣ አስር ሰላት ሊደርስ ሲል፣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ምነው ከሳህ ተብሎ የሚጠየቅ ዓይነት ነው። አቧራ ለብሷል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ጎማውን አልፎ ገባ፣ መደርደሪያው ጋ መጣና ሁለት እጁን ጣውላው ላይ አኖረ።

«አልጋ አለ?» አለኝ።

ዞርኩና ቁልፉን ከሰባተኛው ምስማር አነሳሁ። ወንድሙን ከመለስኩበት ቀን ጀምሮ ሰባት ቁጥርን ለማንም አከራይቼው አላውቅም፣ በየሳምንቱ ግን አንሶላውን እቀይር ነበር። ሌላው ክፍል ሞልቶ ሰው ሲመለስ እንኳ አላከራየሁትም።

«አለ» አልኩ። ቁልፉን ሰጠሁት። ውሃም ሰጠሁት።

እዚያው ቆሞ ብርጭቆውን ጨርሶ ጠጣ። ክፍሉ ገባ። አባቴ ማነው ሲለኝ መንገደኛ ነው አልኩት። ከመግሪብ በፊት በሩ ተከፈተ። ፊቱ በእንቅልፍ አብጧል፣ የትራሱ መስመር ጉንጩ ላይ ታትሟል። ሁለት ዓመት ያልተኛ ሰው የተኛ ይመስል ነበር።

ቁልፉን ጣውላው ላይ አኖረና እጁን ከላዩ አላነሳም።

«አፉ ብዬሻለሁ» አለ። «አላህም አፉ ይበለን። አሁን አንቺም በይኝ።»

«እኔ ምን በድለኸኝ?»

«ንዳ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው አፉ ብሎኝ አያውቅም። እኔን የሚያክል በዳይ ካላለኝ ማን ይለኛል?»

«አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት። እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። አልነካኝም፣ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀርቦኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሽማግሌ የላከው ከወር በኋላ ነው። ከባዱ እናቱ ነበሩ። የልጄን ገዳይ ለልጄ አልድርም ብለው ነበር። ያን ጊዜ ሰላሀዲን አሮጌውን ስልክ አውጥቶ መልእክቱን አነበበላቸው። እናትየው ሲያለቅሱ ዋሉ። ሲጨርሱ የተቆጡት እኔን አልነበረም፣ እሱን ነው። የወንድምህን ወሲያ፣ ኑዛዜውን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍክበት ብለው ገሠጹት። ስለ እኔ ደግሞ አፉ በላት ያለው ሟቹ ነው፣ እኔ ከሟቹ በላይ ነኝ ወይ ብለው ኒካሁን ፈቀዱ። እስካሁን ሆቴላችን ሲመጡ ከጎማው አያልፉም፣ እዚያው ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ። አልጎተጉታቸውም።

የመጨረሻው በርም ተከፈተ። አሁን ግድግዳውን ስትነኩት ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ «አጥብቀህ አንብብ» እና «አላልተህ አንብብ»። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ገደሉ ይውጣችኋል፣ ጨዋታው ከመጀመሪያው ይጀምራል። አላልታችሁ ካነበባችሁት በሩ ይከፈታል። ከጀርባው ምንም ጉድ የለም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ንጹሕ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሾፌሩ ጫማውን አውልቆ ይተኛል። በቃ።

ሾፌሮቹ እንዴት እንደሚከፈት እርስ በርስ ተነጋገሩ፣ ሚስጥሩ ከጅቡቲ እስከ አዳማ ደረሰ። ስሜ ግን እስካሁን አልተመለሰም፣ «አልጋ የለም» ነው የሚሉኝ። ትናንት አንዱ ከመኪናው ወርዶ፣ ቆቡን አውልቆ መደርደሪያው ጋ መጣ። ያ በጥርሱ እየሳቀ ያነበበልኝ ሾፌር ነው። የጎጃም ሰው ነው፣ ቃሉን ከዚህ በፊት አያውቀውም ነበር።

«አፉ በይኝ፣ እህቴ» አለ። ላላ አድርጎ፣ እየተጠነቀቀ፣ ገና እንደተማረው። «አልጋ አለ?»